«ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባንክ መስኮት ፊት፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የምትለውን ቃል ያውቃታል። አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ አለ፤ የተቋረጠው ኔትወርኩ ነው። አልፎ አልፎ ግን ነገሩ እውነት ይሆንና ዳታቤዙ ራሱ አልነሳም ይላል። ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ቀን ነው፤ ይልቁንም ስለዚያ ቀን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት። ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች፣ ፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል፣ ኦራክልም ሆነ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ራሳቸውን ጠግነው እንዲነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ዳታውን የማይመለስ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ አደጋው ሳይሆን አደጋውን «ለማስተካከል» በጥድፊያ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው።

በጣም ከተለመደው ልጀምር፤ ዲስክ ሞላ። ፖስትግሬስ የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ሎጉ ላይ «ፓኒክ» የሚል መስመር አስፍሮ ቀጥ ይላል። ዲቢኤው፣ ማለትም የዳታቤዙ አስተዳዳሪ፣ ቦታውን ማን እንደበላው ሲፈትሽ ፒጂ_ዋል የሚባለው ፎልደር 180 ጊጋባይት ደርሶ ያገኘዋል፤ እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት የሆኑ ከ11 ሺህ በላይ ፋይሎች፣ ስማቸው ለሰው ዓይን ምንም የማይነግር 24 ፊደልና ቁጥር። ስልክ ይጮኻል፣ ኃላፊው ከኋላ ቆሟል። «ሎግ አይደል? የድሮ የድሮውን ላጥፋ» የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

አይጠፋም። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ መጀመሪያ የሚጽፈው እዚያ ነው፤ ጽሑፉም «ዋል» ይባላል። «ኮሚት» (ለውጡን አጽድቅ) ተብሎ እሺ የሚል መልስ ሲመጣ ዲስክ መድረሱ የተረጋገጠው የዋሉ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የሠንጠረዡ ፋይል ገና አሮጌውን እንደያዘ ሊሆን ይችላል። ለውጡ ከማኅደረ ትውስታ ወርዶ ሠንጠረዡ ላይ የሚያርፈው በቼክፖይንት ሲሆን፣ እሱም ቅንብሩ ካልተነካ በየ5 ደቂቃው የሚደረግ ነው። ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሳ ከመጨረሻው ቼክፖይንት ጀምሮ ዋሉን እያነበበ የጎደለውን ይሞላል። የሚያነበው ከሌለ «ትክክለኛ የቼክፖይንት መዝገብ አላገኘሁም» ብሎ እስከ ወዲያኛው ይቆማል። ይህ ስሕተት ከመደጋገሙ የተነሳ የፖስትግሬስ አልሚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሥሪት 10 ላይ የፎልደሩን ስም እስከ መቀየር ደርሰዋል፤ ቀድሞ ፒጂ_ኤክስሎግ ይባል ነበር፣ «ሎግ» የሚለውን እያየ የሚሰርዝ ሰው በዛና ፒጂ_ዋል ሆነ። ፒጂ_ክሎግም በዚያው ፒጂ_ኤክስአክት ተባለ።

ታዲያ ቦታ ከየት ይምጣ? ከሌላ ቦታ። የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ፋይል ሲስተም ሲፈጠር 5 በመቶውን ለሩት (ለማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ ብሎ ይይዛል፤ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 50 ጊጋባይት ገደማ ነው። «ቲዩን2ኤፍኤስ» በሚባለው ትእዛዝ ወደ 1 በመቶ ማውረድ ሰከንድ አይፈጅም፣ ዲስኩን መንቀልም አይጠይቅም። የአፕሊኬሽን ሎጎች ይነሳሉ፣ ኤልቪኤም (የዲስክ ቦታን የሚያከፋፍለው የሊኑክስ መሣሪያ) ካለ ቮልዩሙ ይሰፋል። ሰርቪሱ ቆሞ እያለ ፒጂ_ዋልን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ በቦታው ወደ አዲሱ የሚጠቁም ሲምቦሊክ ሊንክ መተውም ይቻላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የዳታቤዙ ዲስክ ላይ አስቀድመው 2 ጊጋባይት ባዶ ፋይል ያስቀምጣሉ፤ የክፉ ቀን ሲመጣ እሱን አጥፍተው ትንፋሽ ይገዛሉ። ቀልድ ይመስላል፣ ይሠራል ግን።

ዳታቤዙ ከተነሳ በኋላ ዋሉ ለምን እንደተከመረ ሳይጠየቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዋሉን ወደ ሌላ ማከማቻ የሚገለብጠው የአርካይቭ ትእዛዝ መክሸፍ ነው፤ ፒጂ_ስታት_አርካይቨር ላይ የከሸፉት ቁጥር እያደገ ሲሄድ ይታያል። ፖስትግሬስ አርካይቭ ያልተደረገ ፋይል አይጥልም። ሁለተኛው፣ ማንም የማያስታውሰው ሬፕሊኬሽን ስሎት ነው፤ ሬፕሊካ የሚባለው ተከታይ ሰርቨር ዋሉን የት ድረስ እንደወሰደ የሚይዝ ምልክት። ሬፕሊካው ከወራት በፊት ተወግዷል፣ ስሎቱ ግን ቀርቷል፤ ዋናው ሰርቨርም «ይመጣል» ብሎ ዋሉን ያጠራቅምለታል። ፒጂ_ሬፕሊኬሽን_ስሎትስ ውስጥ «አክቲቭ» የሚለው ዓምድ ሐሰት ያለው እሱ ነው። ባለቤት እንደሌለው ተረጋግጦ ሲጣል፣ በቀጣዩ ቼክፖይንት ፋይሎቹን ፖስትግሬስ ራሱ ያነሳቸዋል። ከሥሪት 13 ወዲህ አንድ ስሎት ቢበዛ ስንት ጊጋባይት ማስያዝ እንደሚችል የሚወሰንበት ቅንብር አለ፤ ካልተነካ ግን ወሰን የለውም። እኔ ወሰን ይደረግበት ባይ ነኝ። ወሰኑ ሲታለፍ ሬፕሊካው ኋላ ይቀርና እንደገና መሠራት ይኖርበታል፤ ሬፕሊካ ደግሞ ሁለቴ ይሠራል፣ ዋናው ግን አንድ ነው።

ፒጂ_ሪሴትዋል የሚባል መሣሪያም አለ። ዳታቤዙን ያስነሳዋል፣ እውነት ነው። የሚያስነሳው ግን ዋሉን ወርውሮ ነው፤ ግማሹ ለውጥ ሠንጠረዡ ላይ ያረፈ፣ ግማሹ ያላረፈ፣ ኢንዴክሱ (የመፈለጊያው ማውጫ) ከሠንጠረዡ ጋር የማይስማማ ዳታቤዝ ይተርፋል። የግድ ከሆነ የፎልደሩ ሙሉ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይሮጥ፣ ከዚያ ወዲያውኑ ዳታው በዳምፕ (ይዘቱን ወደ ፋይል በሚያወጣው ትእዛዝ) ወጥቶ አዲስ ክላስተር፣ ማለትም አዲስ የፖስትግሬስ የዳታ ፎልደር፣ ላይ ይጫን፣ አሮጌው ላይ ደግሞ አንድም ተጠቃሚ አይግባ።

ስለ ቅጂ ካነሳሁ አይቀር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ሰርቪሱ ቆሞ፣ የዳታ ፎልደሩ ፒጂ_ዋልን ጨምሮ እንዳለ ይገለበጣል። 400 ጊጋባይት በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ያንን ሰዓት ከኃላፊ መለመን ነው ከባዱ። ቅጂ ከሌለ ግን እያንዳንዱ ሙከራ የሚደረገው በመጨረሻዋ ዕድል ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ትዕግሥት ማጣት ነው። ፖስትግሬስ ከወደቀ በኋላ ዋሉን እያነበበ ሳለ ግንኙነት አይቀበልም፤ «ዳታቤዙ እየተነሳ ነው» ይላል። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ አንዱ «ተንጠልጥሏል» ብሎ ይገድለዋል፣ ሲነሳም ንባቡን ከዚያው ከመጀመሪያው ቼክፖይንት ይጀምራል። ሦስቴ የገደለ ሰው ሦስቴ ከዜሮ አስጀምሯል። አንዳንዴ ገዳዩ ሰው እንኳ አይደለም፤ ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ በ90 ሰከንድ ውስጥ ዝግጁ ነኝ ያላለን ሰርቪስ ይገድላል፤ ስለዚህ ለፖስትግሬስ ይህ ገደብ እንዲነሳ የራሱ መመሪያ ያዛል። ከሥሪት 15 ጀምሮ ንባቡ የት እንደደረሰ በየ10 ሰከንዱ ሎጉ ላይ ይጽፋል፤ ቁጥሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሻይ መጠጣት ይሻላል።

«ቆመ» የተባለ ሁሉ ደግሞ የወደቀ አይደለም። አንድ ሰው ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቁ ለውጦች ስብስብ) ከፍቶ፣ መዝገቡን ቆልፎ፣ ሳይዘጋ ምሳ ሊወጣ ይችላል፤ መቶ ሰው ከኋላው ይሰለፋል። ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ ላይ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ተብሎ ይታያል፤ ማን ማንን እንደያዘ ፒጂ_ብሎኪንግ_ፒአይዲስ ይናገራል፤ በፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ ያ አንዱ ብቻ ይሸኛል። በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ኪል 9» ከተገደለ ግን ፖስትግሬስ የጋራ ማኅደረ ትውስታው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሁሉንም ሰው አባርሮ ሪከቨሪ፣ ማለትም ያንን የዋል ንባብ፣ ይጀምራል። አንድ ሰው ለማስወጣት ቤቱን ማፍረስ ይሉታል ይህንን ነው።

ማይኤስኪውኤል ላይ ዳታውን የሚያስቀምጠው የኢኖዲቢ ሞተር አልነሳ ሲል ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የሚገኘው ምክር «ኢኖዲቢ_ፎርስ_ሪከቨሪን 6 አድርግ» የሚል ነው። ይህ ምክር ስንት ቤት እንዳፈረሰ እንጃ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው፤ 1 የተበላሸ ገጽ ሲያገኝ እንዲያልፈው፣ 2 የጀርባ ሥራዎች እንዳይነሱ፣ 3 ያልተጠናቀቁ ትራንዛክሽኖች ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ያደርጋል። እስከ 3 ድረስ ዳታው በአንጻሩ ደኅና ነው። ከ4 ጀምሮ የዳታ ፋይሉን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል፤ 6 ደግሞ ሪዱ ሎጉን፣ እንደ ዋል ያለውን የለውጥ መዝገብ፣ ጨርሶ ይዘላል። ስለዚህ ከ1 ይጀመራል፣ ከተነሳ ወዲያው በማይኤስኪውኤልዳምፕ ይወጣል፣ ካልተነሳ ወደ 2። ዳምፑ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ደርሶ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ያንን ሠንጠረዥ ዘሎ ሌሎቹን ማውጣት፣ የተበላሸውንም በዋና ቁልፉ እየከፋፈሉ፣ ከ1 እስከ 50 ሺህ፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ እያሉ ከበሽተኛው ገጽ ግራና ቀኝ ያለውን መሰብሰብ ነው። 16 ኪሎባይት የሆነች አንዲት ገጽ ሙሉውን ሠንጠረዥ ይዛ እንድትሞት መፍቀድ አያስፈልግም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ አንድ ነገር ብቻ፦ ከባክአፕ ሪስቶር (መመለስ) ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው የሎግ ጅራት፣ ማለትም ገና ባክአፕ ያልተደረገው የሎጉ ክፍል፣ ባክአፕ ይደረግ፤ የዳታ ፋይሉ ቢጠፋ እንኳ ሎጉ ካለ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ያለዚያ ከመጨረሻው የሎግ ባክአፕ ወዲህ የተሠራው ሥራ በገዛ እጅ ይጣላል።

አሁን ወደ ሰው ስሕተት፤ የትኛው መዝገብ እንደሚሰረዝ የሚወስነው «ዌር» የሌለው «ዲሊት»፣ ወይም የሙከራ ዳታቤዝ መስሎ ዋናው ላይ የተሰጠ ሠንጠረዥ የሚጥል «ድሮፕ ቴብል»። ሬፕሊካ እዚህ ላይ አያድንም፤ ትእዛዙ በሰከንድ ውስጥ እሱም ጋ ይደርሳል። ዳታውን በበርካታ ዲስኮች ላይ የሚይዘው ሬይድም የሚያድነው ከዲስክ ሞት እንጂ ከእጅ አይደለም። የሚያድነው ቤዝ ባክአፕ (የዳታ ፋይሎቹ ሙሉ ቅጂ) እና ከዚያ ወዲህ ያለው ያልተቆራረጠ ዋል ነው። ብዙ ሰው በፒጂ_ዳምፕ የወጣ ፋይል ላይ ዋል መደረብ የሚቻል ይመስለዋል። አይቻልም። ዋል «በዚህ ፋይል፣ በዚህ ገጽ፣ ይህ ባይት ተቀየረ» የሚል ጽሑፍ ስለሆነ፣ በፒጂ_ቤዝባክአፕ የተወሰደ የፋይሎቹ ቅጂ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ያ ቅጂ ሲመለስ ደግሞ ባክአፕ_ሌብል የምትባል ትንሽ ፋይል አብራ ትመጣለች፤ አትሰረዝም። ያለ እሷ ፖስትግሬስ ንባቡን ከተሳሳተ ቦታ ይጀምርና፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ተነስቶ፣ የተበላሸ ዳታ ያቀርባል።

የእኛ አገር ዲቢኤ ብቻ የሚወድቅበት ጉድጓድ ያለው እዚህ ነው፤ ሰዓት። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ «ጥር 6 ቀን 2018፣ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው የጠፋው» ይላል። ንባቡ በስንት ሰዓት ላይ እንዲቆም በሚነግረው ሪከቨሪ_ታርጌት_ታይም ላይ 08:20 ከተጻፈ ዳታቤዙ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ላይ ይቆማል፤ የስድስት ሰዓት ሥራ ገደል ገባ። 14:20 ተጽፎ ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እሱ የሚረዳው የእኛን 11 ሰዓት ከ20 ነው፤ ማጥፊያውን ትእዛዝ አልፎ ይሄዳል፣ ሠንጠረዡም በድጋሚ ይጠፋል። ወደ ኋላ መመለስ ስለሌለ ቤዝ ባክአፑን ከመጀመሪያው መልሶ ሌላ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ከነልዩነቱ ማስቀመጥ ነው፦ 2026-01-14 14:19:00+03። ቀኑን በልብ ማስላት አይገባም፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል።

ከዚህም የሚሻለው የሰውን ሰዓት ጨርሶ አለማመን ነው። ፒጂ_ዋልደምፕ የሚባለው መሣሪያ የዋሉን ፋይል እያነበበ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን በስንት ሰዓት እንደጸደቀ ከነቁጥሩ ያወጣል። ያ ቁጥር ከተገኘ ማቆሚያው በሰዓት ሳይሆን በትራንዛክሽኑ ቁጥር ይሰጣል፣ ያቺን ትራንዛክሽን ራሷን ጨምር የሚለው ኢንክሉሲቭም «ኦፍ» ይደረጋል፤ ከጥፋቷ በፊት ባለችው ትራንዛክሽን ላይ ይቆማል። ሲቆም ወዲያው አይከፈትም፤ ቅንብሩ ካልተቀየረ «ፖዝ» አድርጎ ለንባብ ብቻ ይጠብቃል። ገብቶ፣ ሠንጠረዡ መኖሩን፣ የመጨረሻው መዝገብ የቱ እንደሆነ አይቶ፣ ከዚያ መቀጠል ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ ይሠራ። ከሌላ ማሽን ላይ የጠፋውን ሠንጠረዥ ብቻ አውጥቶ ወደ ዋናው መመለስ ሲቻል፣ ለአንድ ሠንጠረዥ ብሎ የሁሉንም ሰው የከሰዓት ሥራ ወደ ኋላ ማንከባለል ምን አመጣው?

ባክአፕ አለን ለሚሉ ሁሉ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራመሮች ኮድ ማከማቻ በሆነው ጊትላብ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ድርጅቱ ራሱ ገመናውን ሳይደብቅ ለዓለም ጽፎታል። አንድ ባለሙያ የሬፕሊካውን ፎልደር ያጠፋ መስሎት የዋናውን አጠፋ፤ ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር። የየዕለቱን ዳምፕ ሲፈልጉ ምንም የለም፤ ዳታቤዙ ሥሪት 9.6፣ ዳምፕ የሚያደርገው ፕሮግራም ግን 9.2 ስለነበር በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባይነት አጥተው እየተጣሉ ማንም ጋ አልደረሱም። ያዳናቸው አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው ስናፕሾት (የዲስኩ ቅጽበታዊ ቅጂ) ነው። ጊትላብ ላይ የደረሰ ነገር የእኛን መሥሪያ ቤቶች አይነካም የሚል ካለ ዛሬ ማታ የባክአፑን ፎልደር ከፍቶ የፋይሎቹን መጠን ይይ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማደግ የነበረበት ፋይል ድንገት 20 ባይት ሆኖ ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያሻም።

መጠን ማየት ግን መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ በራሱ እየተጫነ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ የትናንት መሆኑ፣ የመዝገቡ ብዛት ከዋናው ጋር መቀራረቡ ይታይ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ይመዝገብ። ይህች ሰዓት ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ናት። ባክአፑ ውጭ አገር ክላውድ ላይ ያለ፣ መሥመሩ 20 ሜጋቢት የሆነ ድርጅት 400 ጊጋባይቱን ለማውረድ ብቻ 44 ሰዓት ይፈልጋል። ኃላፊው «መቼ ይነሳል?» ሲል መልሱ ይህ ነው፤ ይህን ደግሞ በአደጋው ቀን ሳይሆን በጀት ሲያዝ ነው መስማት ያለበት።

የአማርኛ ዳታ ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ሪስቶር ያለ ስሕተት አልቆ የደንበኞች ስም «????» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ ነባሪ ካራክተር ሴቱ (ፊደል የሚቀመጥበት ኮድ) ላቲን1 ነበር፣ በ8.0 ነው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሆነው፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል የሚደረግ ጉዞ ላይ ፊደላችን ይወድቃል። ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል የቀስት ምልክት (>) ወደ ፋይል የተገለበጠ ዳምፕም እንዲሁ አይታመንም፤ «ሪዘልት ፋይል» በሚለው አማራጭ ይውጣ። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ማይኤስኪውኤል ውስጥ በስሙ ዓምድ ላይ «አስኪ» የሚለውን ፋንክሽን ማስኬድ። በፊደላችን የተጻፈ ስም የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው። 195 ካለ ጽሑፉ ሁለቴ ተቀይሯል፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። 63 ካለ ያ ራሱ የጥያቄ ምልክቱ ነው፤ ፊደሉ የለም፣ ምንም ቢደረግ ከዚያ ፋይል አይወጣም፤ ሌላ ባክአፕ መፈለግ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ያሳደገ ወይም የዳታ ፎልደሩን ወደ አዲስ ሊኑክስ ያዛወረ ሰው ጽሑፍ ያዘሉ ኢንዴክሶችን ይፈትሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ጂሊብሲ 2.28 የፊደላት ቅደም ተከተልን ቀይሯል፤ ደቢያን 10 እና ሬድሃት 8 ከእሱ ጋር ነው የመጡት። ከ«ሲ» ውጪ በሆነ ኮሌሽን (የፊደላት አደራደር ደንብ) በአሮጌው ቅደም ተከተል የተሠራ ኢንዴክስ በአዲሱ ሲነበብ ሠንጠረዡ ላይ ያለ ስም «የለም» ይባላል፣ አይደገምም የተባለ መለያ ቁጥርም ሁለቴ ይገባል። ኢንዴክስ መርማሪው «አምቼክ» ያሳያል፣ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ የሚሠራው «ሪኢንዴክስ» ያድናል፤ የተደገመው ግን መጀመሪያ በእጅ መለየት አለበት።

በመጨረሻ፣ ባክአፕ በምስጢር ቁልፍ ከተቆለፈ ቁልፉ የት ነው? ዳታቤዙ ያለበት ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ ከሰርቨሩ ጋር ሄዷል። ቁልፉ፣ የሪስቶር ትእዛዞቹና የሚደወልላቸው ሰዎች ስልክ ወረቀት ላይ ታትመው በሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ውስጥ ይቀመጡ። በዓመት ሁለቴም ያንን ወረቀት ያልጻፈ ሰው ይሰጠውና እሱን ብቻ እያነበበ ባዶ ማሽን ላይ ዳታቤዙን ያስነሳ፤ የሚቆምበት መስመር የትኛው እንደሆነ ይታይና ይታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ
ከአዲስ አበባ